ዘካና ሶደቃ የመንግሥትን የጤና በጀት ሊተኩ ይችላሉ? ጥያቄው ከቢዮ አዋሌ ሲታይ

ረመዷን በገባ ቁጥር ስልካችን ላይ የሚደርሱን ምስሎች አሉ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው፣ የሐኪም ወረቀት፣ ከሥሩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር። ብዙዎቻችን የቻልነውን እንልካለን። አንዳንዴም በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ "አልሐምዱሊላህ፣ ሞልቷል፣ ከዚህ በኋላ አትላኩ" የሚል መልእክት ይከተላል። ከዚህ የተነሳ በየመስጂዱ ደጃፍ የሚሰማ አንድ ሐሳብ አለ፤ ሀብታሙ ሁሉ ዘካውን በአግባቡ ቢያወጣ ድሀው ለሕክምናው የመንግሥትን እጅ ማየት አያስፈልገውም ነበር የሚል።

ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። ከተማ ውስጥ ሆነው ሲያስቡትም አሳማኝ ይመስላል፤ ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ ይዞ ሆስፒታል መድረስ ይቻላል፣ ነጋዴውም ዘመዱም ቅርብ ነው። ነገሩ በደንብ የሚፈተነው ግን ከከተማው ሲወጡ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከቢዮ አዋሌ ተነስቶ ያየዋል።

ቢዮ አዋሌ የድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች ከተሰባሰቡባቸው አራት ክላስተሮች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ አሰሊሶ፣ ጀልዴሳና ዋሂል ናቸው። ነዋሪው በአብዛኛው ማሽላ የሚያመርት፣ ፍየልና ከብት የሚያረባ ሙስሊም ገበሬ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአስተዳደሩ ነዋሪ 341,834 ሲሆን ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በከተማው ይኖር ነበር። ገንዘቡም በዚያው ልክ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ያለው ከተማው ውስጥ ነው።

ማን ምን ይከፍላል?

ቢዮ አዋሌ ጤና ጣቢያ አለው፤ በየቀበሌው ደግሞ ጤና ኬላዎች አሉ። ጤና ኬላውን የሚያንቀሳቅሱት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በአንድ ቀበሌ ሁለት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴት ባለሙያዎች እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ታማሚ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ከተማ፣ ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይላካል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ታማሚው በዓይኑ የሚያየው ወጪ የካርድና የመድኃኒት ዋጋ ነው። ትልቁ ወጪ ግን እሱ የማያየው ነው። ደመወዝ፣ ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፣ የላብራቶሪ ኬሚካል፣ ሌሊት ተረኛ የሆነችው አዋላጅ፣ የአምቡላንሱ ነዳጅና ጎማ፣ ባለሙያው ከመመደቡ በፊት የተማረባቸው ዓመታት። ይህ ወጪ ታማሚ መጣም አልመጣም በየወሩ ይከፈላል። የታመመ ሕጻን ፎቶ ልብ ይነካል፤ የማቀዝቀዣ ፎቶ አንስቶ ከሥሩ የሂሳብ ቁጥር የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ድሀው ከክፍያ የሚድንባቸው መንገዶች በአገራችን ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ለማንም ሰው፣ ድሀም ይሁን ሀብታም፣ በነጻ የሚሰጡት አገልግሎቶች ናቸው፤ ክትባት፣ በጤና ጣቢያ መውለድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለተኛው ቀበሌው "የድሀ ድሀ" ብሎ ለመለመለው ሰው የሚሰጠው የነጻ ሕክምና ወረቀት ነው፤ የዚህን ሰው ወጪ ለጤና ተቋሙ የሚተካው የመንግሥት በጀት ነው። ሦስተኛውና ሁለተኛውን እየተካ የመጣው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ነው።

የጤና መድህኑ ሙከራ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ተጀመረ። ከነዚያ አንዷ ለድሬዳዋ ቅርብ የሆነችው የምሥራቅ ሐረርጌዋ ደደር ነበረች፤ በአማራ ክልል ደግሞ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበሩ። አሠራሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። አፎቻ ያለበት ሰው ወዲያው ይገባዋል። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ከቤተሰቡ የታመመ ሰው ውል በተገባባቸው የመንግሥት ተቋማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታከማል። ልዩነቱ ከአፎቻው በላይ መስፋቱ ነው፤ በሙከራው ወቅት የፌዴራል መንግሥት ከአባላት በተሰበሰበው መዋጮ ላይ ሩብ ያህል ይጨምር ነበር፤ መክፈል ለማይችሉት አባወራዎች ደግሞ ወረዳውና ክልሉ ይከፍላሉ። ድሬዳዋም ኋላ ላይ ገብታበታለች።

ይህ ማለት መንግሥት ሁሉን ይሸፍናል ማለት አይደለም። በ2009 በጀት ዓመት የተሠራው ብሔራዊ የጤና ሂሳብ እንደሚያሳየው ከአገሪቱ የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛ ገደማ ከመንግሥት፣ አንድ ሦስተኛ ገደማ ከውጭ እርዳታ፣ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ደግሞ በቀጥታ ከሕዝቡ ኪስ የወጣ ነበር። ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ፍየል ተሽጦ፣ ዘመድ ተለምኖ የሚገኘው ነው። በስልካችን የምናያቸው ምስሎችም ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

ልግስና የሚያምርበት ቦታ

በበጎ አድራጎት ገንዘብ የተሠሩ ታላላቅ የሕክምና ሥራዎች በአገራችን አሉ። ከእስልምና ጋር የተያያዙ ባይሆኑም ለጥያቄያችን ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱት የአዲስ አበባው የፊስቱላ ሆስፒታል በወሊድ የተጎዱ እናቶችን በነጻ ያክማል፤ ሐረር ላይም ማዕከል አለው። በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃ ማዕከልም በልግስና የቆመ ነው። ሁለቱም የሚያስደንቅ ሥራ ሠርተዋል። ሁለቱም ግን በአንድ ዓይነት ሕመም ላይ የተወሰኑ ናቸው። የልብ ማዕከሉን ተራ ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ ሕጻናት በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ጥፋቱ የማዕከሉ አይደለም፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከሚመጣው ታማሚ ጋር እኩል ስለማይሄድ ነው። የፊስቱላ ሕመምን ከምንጩ የሚያስቀረው ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን በየገጠሩ አዋላጅ መኖሯ ነው። ስለዚህም የሐምሊን ድርጅት ራሱ የአዋላጆች ኮሌጅ ከፍቶ ተመራቂዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ልኳል።

ለእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ቢሲዲሞ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ መንደር ነበር። በ1957 በጀርመን ቩርዝቡርግ ከተማ የተመሠረተው የሥጋ ደዌ መርጃ ማኅበር የመጀመሪያ ሥራው ይህ ነበር ማለት ይቻላል። ማንም ሊጠጋቸው የማይፈልጋቸውን ሰዎች ባዕድ የሆኑ ሰዎች ከሩቅ አገር ባዋጡት ገንዘብ አከሟቸው። ዛሬ ቢሲዲሞ ሁሉንም ታማሚ የሚያስተናግድ የመንግሥት አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። ልግስናው መንገዱን ከፈተ፤ ዘላቂውን ወጪ የተሸከመው ግን የመንግሥት በጀት ነው።

ልግስና የማይደርስበት ደግሞ አለ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰው ሲገድል እርዳታው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ገብቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ መገጣጠሚያውን ይዞ ሲያቃስት ግን እንዲያ ያለ ርብርብ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ከእስያ ከመጣች አኖፌሌስ ስቴፈንሲ ከምትባል ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህች ትንኝ የምትራባው በየቤቱ ውኃ በሚጠራቀምባቸው በርሜሎችና ታንከሮች ነው። እሷን መከላከል ማለት ቤት ለቤት እየዞሩ በርሜል ማየት ነው። ለዚያ ሶደቃ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ በትክክል ከተሠራ የሚታይ ታማሚ ስለማይኖር።

የዘካ ደንብ ራሱ ምን ይላል?

አሁን ወደ ዘካ እንመለስ። ገንዘብ ላይ የሚወጣው ዘካ ኒሷብ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ፣ ሞልቶ ዓመት ከዞረበት 2.5 በመቶ ነው። የቢዮ አዋሌን ገበሬ ይበልጥ የሚመለከተው ግን የእህል ዘካ ነው። ኒሷቡ 5 አውሱቅ፣ በዛሬ ሚዛን 6 ኩንታል ተኩል ገደማ ነው። በዝናብ የበቀለ ከሆነ አንድ አስረኛ፣ በመስኖ ከሆነ ግማሹ ይወጣበታል።

እስኪ ለምሳሌ አንድ ገበሬ በጥሩ ዓመት 8 ኩንታል ማሽላ አገኘ እንበል። 80 ኪሎ ዘካ ያወጣል፤ ጎረቤቱ ያለች መበለት ትጠቀማለች። በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ቀረና 4 ኩንታል ብቻ ሰበሰበ። ኒሷብ ስላልሞላ ዘካ የለበትም፤ እንዲያውም እሱ ራሱ ተቀባይ ሊሆን ይችላል። ልጆች ምግብ ሲያንሳቸው የሚታመሙት፣ ውኃ ሲጠፋ ተቅማጥ የሚገባው በዚያው ዓመት ነው። የቢዮ አዋሌ ጎረቤት አሰሊሶ ላይም ዝናቡ የሚቀረው በዚያው ዓመት ነው። ሰጪው የሚያንሰውና ታማሚው የሚበዛው በአንድ ጊዜ ነው ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው። ድርቅ ያልነካውን ሩቅ አገር ግብር ድርቅ ወደነካው ቀበሌ የሚያሻግር አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ የአንድ አካባቢ ዘካ ብቻውን ይህን አይሠራም። (የጫት ገቢ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የእህል ዘካ የሚወጣው በሚከማች ዋና ምግብ ላይ በመሆኑ ጫት እዚያ ውስጥ አይገባም፤ በንግድ በኩል ስላለው ክርክር እዚህ አንገባም።)

የከተማው ዘካ ወደ ገጠሩ ይሂድ ቢባልስ? በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በሚበዛው በሻፊዒይ መዝሀብ ጎልቶ የሚታወቀው አቋም፣ ዘካ በተገኘበት አካባቢ ተቀባይ እያለ ወደ ሌላ ቦታ አይዛወርም የሚል ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ይበልጥ ለተቸገረ ወይም ለዘመድ ከሆነ ይቻላል። ድሬዳዋና ቢዮ አዋሌ አንድ አካባቢ ናቸው ወይ የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተወው። የመርካቶ ነጋዴ ዘካ ለቢዮ አዋሌ ይደርሳል ብሎ በጀት መያዝ ግን አስቸጋሪ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሌላም አለ። ዘካ ቁርኣን ለጠቀሳቸው ስምንት ወገኖች ብቻ ነው። ብዙ ዑለማዎች ገንዘቡ በተቀባዩ እጅ ገብቶ ንብረቱ እንዲሆን፣ ማለትም ተምሊክ እንዲኖር ይጠይቃሉ። ስለዚህ ለታመመ ድሀ ዘካ መስጠት ክርክር የለውም፤ በዘካ ጤና ጣቢያ መሥራትና የነርስ ደመወዝ መክፈል ግን ያከራክራል። ከዚህም ሌላ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ዘካ ለሙስሊም ተቀባይ ነው፤ ሶደቃ ለማንም ይሰጣል። በ1999ኙ ቆጠራ ከአስተዳደሩ ነዋሪ 71 በመቶ ገደማው ሙስሊም ነበር። የቀረው ጎረቤታችን ነው፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሃይማኖቱን የሚጠይቀው የለም።

ታሪካችን የሚለው

"በኢስላም ታሪክ ሆስፒታሎቹ ሁሉ በነጻ አልነበሩም ወይ?" የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ነበሩ። ኑረዲን ዘንጊ በደማስቆ ያሠሩት ቢማሪስታን፣ ሱልጣን ቀላዉን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ የከፈቱት መንሱሪ ሆስፒታል ድሀና ሀብታም፣ ወንድና ሴት ሳይለዩ አክመዋል። ግን ሁለቱን ልብ ይሏል። መሥራቾቹ ገዥዎች ነበሩ። ወጪያቸውም ከየዕለቱ ልገሳ ሳይሆን ከወቅፍ፣ ማለትም ለዚሁ ከተለዩ ሱቆች፣ ቤቶችና መሬቶች ኪራይ ነበር። ደግሞም የቆሙት በታላላቅ ከተሞች ነው፤ ገበሬው መንደር ድረስ የወረደ ቢማሪስታን አናውቅም። የዘመኑ ቢዮ አዋሌዎች ከዚያ በረከት ርቀው ነበር።

ዘካም ቢሆን በመነሻው የግል ልግስና ብቻ አልነበረም። የሚሰበስቡት ሠራተኞች ራሳቸው ከስምንቱ ተቀባዮች ውስጥ ተቆጥረዋል። አቡበክር (ረ.ዐ.) ዘካ ከለከሉ በተባሉት ላይ ዘምተዋል። በላዙሪ እንደዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ጃቢያ ሲሄዱ የሥጋ ደዌ የያዛቸው ክርስቲያኖች አግኝተው ከሶደቃው እንዲሰጣቸውና ምግብ እንዲቆረጥላቸው አዘዋል። ይህን ያደረጉት እንደ አንድ ቸር ሰው ሳይሆን እንደ መሪ፣ ከሕዝብ ግምጃ ቤት ነው። ስለዚህ "ዘካ ወይስ መንግሥት" የሚለው አነጋገር ራሱ የኋላ ዘመን ነው።

የእኛ አገር ወቅፍ የደረሰበትን ማስታወስም ይገባል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ለመስጂድና ለድሆች የተወቀፉ የሚከራዩ ቤቶችም አብረው ሄዱ። ዘላቂ ገቢ የሚያመጣው መሣሪያ ተነጥቆ በየጁምዓው የሚሰበሰበው ብቻ ቀረን። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው። ወቅፍን በስሙ የሚይዝ ሕጋዊ አካል ስለሚያስፈልግ ይህ ለጤናም ትርጉም አለው።

በሌሎች አገሮችም ተሞክሯል። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ሕግ በረመዷን መጀመሪያ ቀን ከቁጠባ ሂሳብ ላይ ዘካ ትቆርጣለች፤ ከዚያም በሆስፒታሎች ለድሀ ታማሚዎች ትመድባለች። ብዙ ሰው ረመዷን ሊገባ ሲል ገንዘቡን ከባንክ ማውጣት ለመደ። በ1994 ላሆር ላይ የተከፈተው የሸውከት ኻኑም የካንሰር ሆስፒታል ደግሞ በዘካና በልገሳ ብዙ ድሆችን በነጻ ያክማል፤ ሕዝቡም ያምነዋል። እሱም ቢሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ሕመማቸው በጊዜ ለተደረሰባቸውና የመዳን ዕድል ላላቸው ነው። አቅሙ የተወሰነ ተቋም መምረጡ አያስወቅሰውም። ያልተመረጠው ታማሚ ግን የሚሄድበት ሌላ በር መኖር አለበት።

በሰጪ ፈቃድ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል በ2017 ዓ.ም. አይተናል። በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5 ሺህ ገደማ የጤና ሠራተኞችን ውል ማቋረጡ ተዘገበ። ታማሚው ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ሰጪው ሐሳቡን ስለቀየረ ብቻ ነው።

ታዲያ ዘካችን የት ይግባ?

ከላይ ያለው ሁሉ ዘካና ሶደቃ ለሕክምና አይረቡም ማለት አይደለም። በጀቱ የማይደርስባቸው ክፍተቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በጥቂት ገንዘብ ይደፈናሉ።

አንደኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚቀድመው፣ "የድሀ ድሀ" ዝርዝር ውስጥ ያልገባው ድሀ ነው። ዝርዝሩ በኮታ የተወሰነ ነው፤ አንድ ፍየል ያለው ሰው ከአንድም ፍየል ከሌለው ይሻላል ተብሎ ይቀራል። መዋጮውን መክፈል አቅቶት ሳይመዘገብ ከቆየ በኋላ ልጁ ሲታመም ያችን ፍየል ይሸጣል። በዓመት አንድ ጊዜ የዚህን ሰው መዋጮ መሸፈን ከታመመ በኋላ ብዙ ሺህ ብር ከመሰብሰብ ይቀላል። ገንዘቡ በእጁ ተሰጥቶት ራሱ ወይም ወኪሉ ከከፈለ የተምሊክ ጥያቄም ይቃለላል።

ኢንሹራንስ ሐራም አይደለም ወይ የሚሉ ወንድሞች አሉ። በጅዳ የሚገኘው የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳለፈው ውሳኔ የንግድ ኢንሹራንስን ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን ፈቅዷል። የጤና መድህኑ ትርፍ የሚከፋፈልበት አይደለም፤ በዚህ ለሁለተኛው ይቀርባል። የተሰበሰበው ገንዘብ ወለድ በሚታሰብበት ሂሳብ ይቀመጣል ወይ የሚለው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከወለድ ነጻ ባንኮች ባሉበት ዘመን አስተዳደሩን መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ ነው። ጤና መድህን ትራንስፖርት አይከፍልም። ከቢዮ አዋሌ ድል ጮራ የተላከ ታማሚ አስታማሚ ይዞ ይመጣል፤ አስታማሚው ከተማ ውስጥ ማደሪያና ምግብ ይፈልጋል። ሪፈር ተጽፎላቸው በዚህ ምክንያት ሳይሄዱ የሚቀሩ ሰዎች አሉ። በከተማው ያለ ጀማዓ ሆስፒታል አካባቢ አንድ ማረፊያ ቤት ቢወቅፍ ጥቅሙ ለዓመታት ይቀጥላል፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ የወቅፍ ሥራ ነው።

መድኃኒትም አለ። የተቋሙ ፋርማሲ "የለም" ሲል ታማሚው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይላካል፤ የመድህን ደብተሩ እዚያ አይሠራም። እንደ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እጥበት ያሉ ከመድህኑ ሽፋን ውጪ የሆኑ ሕክምናዎችም አሉ። በስልክ የሚሰበሰበው ልግስና በብዛት የሚሄደው ወደነዚህ ነው፤ ይሂድም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የሐኪም ወረቀቱን አይቶ የሚያጣራና የተረፈውን ገንዘብ ለቀጣዩ ታማሚ የሚያስተላልፍ ኮሚቴ ነው፤ በአንድ ሰው የግል ሂሳብ የሚሰበሰብ ገንዘብ ምንም ያህል ሰውየው ታማኝ ቢሆን ሐሜት አያጣውም።

የመስጂድ ዘካ ኮሚቴዎች ይህን ማድረግ ከፈለጉ ጊዜውን ማወቅ አለባቸው። የመድህን ምዝገባና እድሳት በዓመት በተወሰነ ወቅት ነው፤ ረመዷን ደግሞ በየዓመቱ በአስር ቀን ገደማ ወደፊት ይመጣል። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ስለዚህ ኮሚቴው ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ወደ ቀበሌው ሄዶ በነጻ የተካተቱትን ዝርዝር ማየት፣ ከዚያ የቀሩትን ከኢማሙና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሆኖ መለየት ይኖርበታል። እሷ የማን ቤት ማን እንደታመመ ከማናችንም በተሻለ ታውቃለች።